«ተክል አፈር ነው የሚበላው?»

ጥያቄው የደረሰኝ አዳማ ከምታስተምር አንዲት የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዩኬጂ አስተምራለሁ። 42 ልጆች አሉኝ፤ 5 እና 6 ዓመት የሆናቸው። ግቢያችን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ነው። ባለፈው ወር ባቄላ በጥጥ ላይ አበቀልን። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠወለገና ሞተ። ሁለት ልጆች አለቀሱ። አንዱ ደግሞ ‹ቲቸር፣ ተክል አፈር ነው የሚበላው? አፈር ስላልሰጠነው ነው የሞተው?› አለኝ። አዎ አልኩት። ልክ ነበርኩ? ተክል እንዴት እንደሚያድግ ለእንደነዚህ ሕፃናት እንዴት ላስተምር?»

መምህርት፣ ከልጁ ልጀምር። የጠየቀው ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከነአርስቶትል ጀምሮ ብዙ የጥንት ሊቃውንት ልክ እንደ እርስዎ «አዎ» ብለው መልሰውታል። እኔ በሰብል ሙያ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አርብ አርብም አፀደ ሕፃናት እየሄድኩ ከልጆች ጋር አፈር እነካካለሁ። አሁንም ቢሆን «አፈሩ ይመግበዋል» የሚለው ቃል ከአፌ ያመልጠኛል። ስለዚህ አይፈሩ። ግን መልሱ «አዎ» አይደለም። ነገ ልጁን ጠርተው «ያን ቀን ተሳስቼ ነው የነገርኩህ፤ ና አብረን እንየው» ይበሉት። ልጆች ቲቸር ስትሳሳት ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው መቼም ያውቃሉ።

ለልጆቹ ባይነግሩትም እርስዎ የሚከተለውን ታሪክ ይያዙት። ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሰው ነበር። 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር መዝኖ በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አደረገ። 2.3 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ነቅሎ ሲመዝናት 77 ኪሎ ገደማ ሆናለች። አፈሩንም አድርቆ መዘነው። የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ነገር የታተመው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ራሱ «ዛፏ የተሠራችው ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። ግማሹን አገኘ፣ ግማሹን ሳተ። የሳተው አየሩን ነበር። የብርሃኑን ድርሻ ለማወቅ ደግሞ ሌላ 130 ዓመት ፈጀ። ኢንገንሃውዝ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ውሃ ውስጥ የተነከረ ቅጠል አረፋ የሚያወጣው ብርሃን ሲያገኝ እንደሆነ ያሳየው በ1779 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ አገር ለዚህ ሚዛንም ገንቦም አያስፈልግም። ምድጃ አለን። አንድ ሸክም እንጨት ሲነድ ምን ያህል አመድ ይቀራል? ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። ዛፉ ከአፈር የወሰደው በአብዛኛው ያ አመድ ነው። የቀረው ከውሃና ከአየር የተሠራ ስለነበር ወደ አየር ተመለሰ። ከሰሉ ራሱ፣ ያ ጥቁር ነገር፣ ዛፉ በቅጠሉ ከአየር የሰበሰበው ካርቦን ነው። ይህን ለአንድ የወረዳ የእርሻ ባልደረባዬ ስነግረው ምድጃውን እያየ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ለ5 ዓመት ልጅ ግን ካርቦን ብሎ ነገር የለም። እኔ የምላቸው እንዲህ ነው፦ ተክል ምግቡን ራሱ ይሠራል። ማዕድ ቤቱ ቅጠሉ ነው። እሳቱ ፀሐይ ናት። ውሃውን ሥሩ ቀድቶ ይልካል። አየሩን ቅጠሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ያስገባል። አፈሩስ? አፈሩ ጨው ነው። ወጥ ከጨው አይሠራም፤ ያለ ጨው ደግሞ ወጥ አይሆንም። ትንሽ ነው፣ ግን ግድ ነው።

ይህችን የጨው ነገር አጥብቀው ይያዟት። ልጁ 7ኛ ክፍል ደርሶ ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ሲማር የሚያፈርሰው ነገር አይኖርም። «ተክል አፈር ይበላል» ብሎ ያደገ ልጅ ግን መጀመሪያ ያንን ማፍረስ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ገብተውም ያልፈረሰላቸው አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ሟቹ ባቄላ እንሂድ።

ዘር ማለት ስንቅ የያዘ መንገደኛ ነው። እናቱ ስትልከው ቋጥራለታለች። የባቄላ ሁለቱ ግማሾች፣ ስንልጠው ለሁለት የሚከፈሉት፣ ስንቁ ናቸው። ሕፃኗ ተክል በመሐላቸው ተኝታለች፤ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። ውሃ ሲነካት ትነቃለች፣ ስንቋን እየበላች ሥር ትሰዳለች፣ ግንድ ታወጣለች። እዚህ ድረስ ጥጥም ይበቃታል። ለዚህ ነው የእርስዎ ባቄላ መጀመሪያ ያማረው። ስንቁ ሲያልቅ ግን ቅጠሏ ሥራ መጀመር አለበት። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ እሳት የለም። ጥጡ ላይ ደግሞ ጨው የለም።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም እጠረጥራለሁ። አንደኛው ውሃ ነው። 42 ልጅ እያንዳንዱ «ትንሽ ብቻ» ሲያጠጣ ያ ባቄላ በማግስቱ ዋና ለምዷል ማለት ነው። ሥርም ይተነፍሳል። ጥጡ ሲጨቀይ አየር ያጣና ይበሰብሳል፤ ሽታው ይነግርዎታል። ሁለተኛው ባቄላው ራሱ ነው። ባቄላ የደጋ ሰው ነው። አዳማ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶው እንደ ምጣድ በሚግልበት ግቢ ባቄላ አድጎ ያፈራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ይበቅላል፣ አዎ። ሙቀቱ ሲበረታ ግን አበባውን ያራግፋል። ለእኛ ከተማ ልኩ ቦሎቄ ነው። ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል በቦሎቄ ላይ ሲሠራ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢው የቦሎቄ ነው።

ስላለቀሱት ልጆች አንድ ነገር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት እኔም አንድ ክፍል ውስጥ እንዲሁ የልጆች ቡቃያ ሞተብኝ። እንዳያዝኑ ብዬ ቅዳሜ ገብቼ የሞተውን ጣልኩና ከቤቴ ያመጣሁትን ሌላ ቡቃያ እዚያው ኩባያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሰኞ አንዲት ልጅ መጥታ አየችው። «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «የኔ ቅጠሉ እዚህ ጋ ተቀዶ ነበር» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ያን ያህል አይታዋለች ማለት ነው! እኔ ያልተመለከትኩትን። ከዚያ ወዲህ የሞተ ነገር ቀይሬ አላውቅም። ነቅለን፣ ከፍተን፣ «ምን አጣ?» እንላለን።

እንግዲህ እንደገና ሲጀምሩ ከጥጥ አይነሱ። ከቆሎ ይነሱ።

እየቀለድኩ አይደለም። ከማውቃቸው ትምህርቶች ሁሉ ለዚህ ዕድሜ ይህን የሚያክል አላገኘሁም። ወጪውም የአንድ ማኪያቶ አይሆንም። አራት ነገር ያምጡ፦ ጥሬ ገብስ፣ የገብስ ቆሎ፣ ድፍን ምስር እና የምስር ክክ። አራት ሰሃን ላይ ሶፍት ያንጥፉ፣ ውሃ ያርከፍክፉ፣ ከእያንዳንዱ 10 ፍሬ ይበትኑ። ከዚያ ምንም ሳያስረዱ «የትኛው ይበቅላል?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ እጃቸውን ያውጡ፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን ይጻፉ። ይህ ግምት የግድ ነው። ሳይገምት ያየ ልጅ ቡቃያ ብቻ ነው የሚያየው፤ ገምቶ የሚያይ ልጅ ግን ማን እንደረታ ለማወቅ ጠዋት ሮጦ ይገባል።

እኔ ክፍል ውስጥ አንዱ ምን አለ መሰለዎት? «ቆሎውም ይበቅላል፤ ግን ቆሎ ሆኖ ነው የሚወጣው። እየለቀምን እንበላዋለን።» ግማሹ ክፍል ወዲያው ደገፈው። እኔም ብሆን እደግፈው ነበር።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ድፍን ምስሩ ነጭ ጭራ ያወጣል። ገብሱም ይከተላል። ቆሎው ያብጥና ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሻግታል። ክኩም እንዲሁ። አሁን «ለምን?» ይበሉ፤ ጥቂት ይጠብቁ። ቆሎው ውስጥ የነበረችው ሕፃን ምጣድ ላይ ሞታለች። ክኩ ደግሞ ስንቁ አለ፣ መንገደኛዋ የለችም። ልጣጯ ተገፎ፣ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ ሕፃኗ ተሰብራ ወድቃለች። አልፎ አልፎ ፅንሷ ከአንዱ ግማሽ ጋር ተጣብቃ ትቀርና አንዱ ክክ ትንሽ ሊያቆጠቁጥ ይሞክራል። ቢያጋጥምዎ አይደብቁት። ሰሃኑን ይዘው በየዴስኩ ይዙሩ።

ይህን ሲያደርጉ ከልጆቹ አንዷ «እማዬም እንዲህ ታደርጋለች» ማለቷ አይቀርም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ልጅ ብቅል ያውቃል። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ጢም ሲያበቅል አይቷል። ፆም የሚፆምበት ቤት ደግሞ ጉንቁል አለ። ቃሉ ራሱ ልጁ አፍ ላይ አለ፤ ብቅል፣ በቀለ፣ ቡቃያ። የክፍልዎን የስም ዝርዝር እስቲ ይዩት። በቀለ፣ ለምለም፣ አበባ፣ ፍሬሕይወት፣ ዘርይሁን አይጠፉም። አዳማ ስለሆኑ ቢቂላም አይጠፋም፤ በአፋን ኦሮሞ «በቀለ» እንደማለት ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ሰው ስም ተክል አስተዳደግ በቅደም ተከተል ነው፤ አባቱ በቀለ፣ ልጁ አበበ። ክፍል ውስጥ ስናገረው የሚስቁት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፣ ረዳት መምህርቷም ናት። አፋን ኦሮሞ ቤታቸው የሚናገሩ ልጆች ካሉ ቃሎቹን እነሱ ያስተምሩ፤ ዘር ሳኚ፣ ሥር ሂዳ፣ ቅጠል ባላ። አንድ ቀን መምህር መሆን ለዝምተኛ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ከቆሎው ቀጥሎ ዘሩን መክፈት ይመጣል። ማታ ቦሎቄ ይንከሩ። ጠዋት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ይስጡ። መጀመሪያ እምብርቷን ይፈልጉ፤ ጎኗ ላይ ያለችውን ጠባሳ። ከእናቷ ጋር የተያያዘችበት ነው። «እኔም አለኝ» ብለው ሸሚዝ ይገልጣሉ፤ ይተዉአቸው። ከዚያ ልጣጩን በጥፍር፣ ግማሾቹን ቀስ ብለው። ውስጧ የምትታየው ሁለት ቅጠል ያጠፈች ሕፃን ናት። አይቸኩሉ። እኔ ለዚህ ብቻ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጣለሁ።

ከዚያ ሃይላንዱ። የውሃ ላስቲኩን ከወገቡ ይቁረጡ፤ ጠርዙን በፕላስተር ይሸፍኑት፣ ይቆርጣል። ውስጡን በሶፍት ይሙሉ። ቦሎቄዋን በሶፍቱና በላስቲኩ ግድግዳ መሐል ያስገቧት፤ በውጭ በኩል እንድትታይ። ጥጥ የማልወደው ለዚህ ነው። ሥሩን ይውጠዋል፤ ልጁ የሚያየው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ዋናው ትያትር ግን ታች ነው። በአዳማ ሙቀት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ሥር ይወጣል። ሥሩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሲሆን ላስቲኩን በጎኑ ያጋድሙት። በማግስቱ ሥሩ ታጥፎ ወደ ታች ሲሄድ ያገኙታል። ዓይን የለው፣ እንዴት ታች መሆኑን አወቀ? የሥሩ ጫፍ ላይ የመሬትን ስበት የሚለዩ ሕዋሳት አሉ። ለልጆቹ ግን «ታች የት እንደሆነ ያውቃል» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ቢያስረዱ ለራስዎ ነው።

ትዕግሥት የሌለው ክፍል ከሆነ፣ 42 ልጅ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፣ ጎን ለጎን ፌጦ ይዝሩ። እርጥብ ሶፍት ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈነዳል። ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ዝልግልግ ይላል፤ ልጆች «ንፍጥ!» ይላሉ። ያ ዝልግልግ ውሃ ይዞለት ነው የሚቆየው። በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆናል።

አንድ ሙከራ ደግሞ አዋቂውን ሁሉ ያሳስታል። ሁለት ሰሃን ስንዴ ያብቅሉ። አንዱን መስኮት ዳር፣ ሌላውን ካርቶን ድፉበት። «የትኛው ይረዝማል?» ይበሉ። ሁሉም ፀሐይ ያገኘው ይላሉ። ከሳምንት በኋላ ካርቶኑን ሲያነሱ ጨለማ ውስጥ ያለው በልጦ ረዝሟል። ግን ቢጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ራሱን አይችልም። ስንቁን ሁሉ ለቁመት አውጥቶ ብርሃን ሲፈልግ ነው። ካርቶኑን ያንሱለትና መስኮት ዳር ያስቀምጡት። በሁለት ቀን ውስጥ ሲያረንግድ ማየት ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል።

ስለ ግቢው። ሲሚንቶ መሆኑ ችግር የሚሆነው መሬት ከፈለጉ ብቻ ነው። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ ይቁረጡ፣ ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ ይብሱ። የአዳማ አፈር ቀላልና አሸዋማ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያመልጠዋል። ስለዚህ ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ በደንብ የቆየ ፍግ ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል፤ ደግሞም ለልጅ እጅ አይሆንም። ጀሪካኑን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡ፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ብሎኬት ያድርጉ። ንፋሱን ደግሞ ያውቁታል። ከጥቅምት በኋላ ያ አቧራማ ንፋስ ቅጠል ይቀድዳል። የግድግዳ ጥግ ይፈልጉ፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት ጥላ ያለው።

ቦሎቄዋን የልጅ ጣት ሁለት አንጓ ያህል አስገብተው ይዝሩ። በ5 ወይም በ7 ቀን ጎብጣ ትወጣለች። ያን ጊዜ ስንቋን አንገቷ ላይ ተሸክማ ነው የምትወጣው፤ ሁለቱ ግማሾች ከአፈር በላይ ይታያሉ። ባቄላ ወይም አተር በሌላ ጀሪካን ቢዘሩ ግን ስንቁ አፈር ውስጥ ይቀራል። አንዷ ይዛ ትወጣለች፣ አንዷ ቀብራ ትወጣለች። ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት እንጂ እንዳይነግሯቸው።

የጊዜው ነገር ብዙ ትምህርት ቤት ላይ ሲበላሽ አያለሁ። ዋናው ዝናባችን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ልጆቹ ቤት ያሉት ደግሞ ዝናቡ በሚበረታበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ ትምህርት እንደተከፈተ በመስከረም መጨረሻ ይዝሩ። ቦሎቄ 40 ቀን አካባቢ ያብባል፣ 90 ቀን ገደማ ይደርሳል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደረቅ ፍሬ ይለቅማሉ። ያኔ ልጁ ከዘር እስከ ዘር አየ ማለት ነው። አንድ ዓመት በአንድ ጀሪካን ከነበረችን አንድ ተክል 23 ፍሬ ቆጠርን። ቆጠራው ሁለት ቀን ፈጀ፤ 15 ላይ ሁልጊዜ ይጠፋባቸዋል። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲያመጡም «ዓመቱን ሙሉ የት ነበረች?» ብለው ይጠይቋቸው። ዘሯ አፈር ውስጥ ሆና ዝናብ ስትጠብቅ ነበር።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር፣ ልጆች እጃቸውን ያለሳሙና የተለቃለቁበት ውሃ ይበቃል። 42ቱን በ6 በ6 ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጀሪካን ይስጡ። በቀን አንድ «አጠጪ» ብቻ ይኑር። ላስቲኩ ውስጥ ላለችው ቦሎቄ መለኪያው የሃይላንድ ክዳን ነው፤ ሁለት ሦስት ክዳን። ለጀሪካኑ አንድ ኩባያ፣ እሱም ጣት ከተው አፈሩ ደረቅ ከሆነ ብቻ። ይህ ሕግ ከሌለ እንደገና ዋና እናስተምራለን።

ሁሉም ተክል ከዘር እንደማይነሳ ለማሳየት ደግሞ አዳማ ታድላለች። ወንጂ ጎረቤት ናት፤ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር የሚመረትባት። ሸንኮራ ከመንገድ ላይ ይግዙ። ከመብላታችሁ በፊት አንጓው ጋ ያለችውን ትንሽ ዓይን ያሳዩአቸው። ሁለት ዓይን ያላትን ቁራጭ አፈር ውስጥ አጋድመው ቅበሩ። በሁለት ሦስት ሳምንት ትወጣለች። የቀረውን ብሉት። የማዕድ ቤት ሽንኩርትም ጠርሙስ አፍ ላይ ቢቀመጥና ሥሩ ውሃ ቢነካ በሳምንት ውስጥ ጢም ያበቅላል።

አሁን ጥንቃቄ፣ በአጭሩ። ልጆች ዘር አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከታሉ፤ ቦሎቄ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ቆጥረው ይስጡ፣ ቆጥረው ይቀበሉ። ጥሬ ቦሎቄ አይበላም፣ ሆድ ያምሳል። ዘር ከምግብ እህል ነጋዴ እንጂ ከእርሻ መድኃኒት ሱቅ አይግዙ፤ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት ነክቶታል። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ጉሎ ደግሞ አያስነኳቸው። ፍሬው ያምራል፣ ግን ጥቂት ፍሬ እንኳ ታኝኮ ከተዋጠ ልጅ ይገድላል። አስተናግርም እንዲሁ መርዝ ነው።

«ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ» እያስባሉ በዜማ ማስጠናትን አልከለክልም፣ ወላጅ ቀን ላይ ያምራል። ግን መጀመሪያ አይሁን። ላስቲኩ ውስጥ ያየውን ነገር «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስሙን ይስጡት። ያኔ አይረሳውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን የሞተ ባቄላ ጥለውታል? ካልጣሉት ነገ ልጁንም ሁለቱን ያለቀሱትንም ይጥሩና ከጥጡ ውስጥ አውጥታችሁ እዩት። ስንቁ የነበሩት ሁለቱ ግማሾች ተጨማደው፣ ሳስተው፣ እንደ ባዶ ከረጢት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። አጠገቡ ማታ የነከሩትን አንድ ባቄላ ያስቀምጡና ሁለቱንም በጣታቸው ይጫኗቸው።